ከራስ ሰዓት ጋር መሮጥ፦ በደምበጫ ሜዳ የ10 ሳምንት ውድድር አዘገጃጀት

በትምህርት ቤት የስፖርት ቀን ስልሳ ልጅ ይሰለፋል፤ ፊሽካ ይነፋል፤ ሦስቱ ደብተር ወይም ቲሸርት ይሸለማሉ፤ ሃምሳ ሰባቱ ላባቸውን ጠርገው ይበተናሉ። ከሃምሳ ሰባቱ መካከል በዚያ ቀን ከዕድሜዋ ሁሉ ፈጥና የሮጠች ልጅ ትኖር ይሆናል። ሰዓቷን የያዘላት ስለሌለ ግን እሷም አታውቅም፣ መምህሯም አያውቅም። አንደኛ የወጣው ልጅ እንኳ የሚያውቀው የዚያን ቀን የመጡትን መቅደሙን ነው፤ ከአምናው ይሻል ወይስ ይብስ እንደሆነ የሚነግረው የለም። ይህን ያህል ሰው አድክሞ ይህን ያህል ጥቂት የሚናገር ውድድር ቢሻሻል ምንም አይጎዳም።

ከዚህ የሚከተለው ለስፖርት መምህራን፣ ለቀበሌ ወጣቶችና ቅዳሜ ጠዋት ጊዜ ለሚተርፈው ታላቅ ወንድም ወይም እህት የተዘጋጀ ነው። ደምበጫ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ያለች፣ ጠዋቷ ቀዝቃዛ፣ በእግሩ ትምህርት ቤት የሚመላለስ ልጅ የሞላባት ከተማ ናት። የአርሲዋን በቆጂ ያስጠራት አሠልጣኝ ስንታየሁ እሸቱ የጀመሩት እንዲህ ባለች ትንሽ የደጋ ከተማ፣ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የስፖርት መምህር ሆነው ነው፤ ደራርቱ ቱሉ፣ ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ በእርሳቸው እጅ አልፈዋል። የደምበጫ ልጅ ሁሉ ኦሎምፒክ ይደርሳል ማለቴ አይደለም። አብዛኞቹ አይደርሱም፤ ውድድሩ ለእነዚህ ለአብዛኞቹ የሚሰጠው ነገር ሊኖረው ይገባል።

ደረጃ 1፦ ወቅቱን ምረጡ፣ ሜዳውን ለኩ

በክረምት ሜዳው ጭቃ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ደግሞ አጨዳና ውቂያ አለ፤ ልጆቹ ከቤተሰብ ሥራ ተነጥለው አይመጡም። ስለዚህ ከጥምቀት ማግስት መጀመር ይሻላል፦ እህሉ ገብቷል፣ መሬቱ ደርቋል። የመጨረሻዎቹ ሳምንታት ዐቢይ ጾም ውስጥ መውደቃቸው አይቀርም። ቅዳሜና እሑድ ከእህልና ከውኃ ስለማይጾም ሰዓት የሚያዝበትን ቀን ቅዳሜ አድርጉት። ረመዳን የገጠመባቸውን ሙስሊም ልጆች ደግሞ ወይ ቀደም ብላችሁ ወይ ከጾሙ በኋላ ለብቻ አሯሩጡ። ባዶ ሆድ ላይ የተያዘ ሰዓት ስለ ልጁ አቅም ምንም አይናገርም።

ቀጥሎ ርቀቱ ነው። ከደብረ ማርቆስ ወደ ፍኖተ ሰላም የሚያልፈው አስፋልት ይቅርባችሁ፤ አይሱዙና ባጃጅ የሚሽቀዳደሙበት መንገድ ነው። የእግር ኳስ ሜዳ ይበቃል። ደረጃውን የጠበቀ ሜዳ 105 ሜትር በ68 ከሆነ ዙሪያው 346 ሜትር ይመጣል፤ ሦስት ዙር 1,038 ሜትር ነው። መድረሻውን አንዱ የማዕዘን ባንዲራ ጋ አድርጉና መነሻውን ከዚያ በሩጫው አቅጣጫ 38 ሜትር ወደፊት አስጠጉት፤ ሦስተኛው ዙር ሲያልቅ ልክ 1,000 ሜትር ተሮጧል። የእናንተ ሜዳ ከዚህ ካነሰ ወይም ከበለጠ ዙሩን በሦስት አባዙና ከ1,000 ያለውን ልዩነት ያህል መነሻውን ወደፊት ወይም ወደኋላ አዛውሩት። አራቱም ማዕዘን ላይ እንጨት ትከሉ፤ አለበለዚያ ብልጦቹ ማዕዘን ይቆርጣሉ፤ ልክ እንሁን ያሉት ደግሞ ይበለጣሉ።

በእርምጃ መለካት አይበቃም። የግንባታ ሠራተኞች የሚይዙትን ረጅም ሜትር ለአንድ ጠዋት ተዋሱ። ሜዳው አንዴ ከተለካ በ10ሩ ሳምንት አትንኩት።

ደረጃ 2፦ የመጀመሪያውን ሰዓት ያዙ

ከመሮጣቸው በፊት የልብ ሕመም፣ አስም፣ ሩጫ ላይ የመውደቅ ታሪክ ያለበት ልጅ እንዳለ ወላጆችን ጠይቁ፤ ያለበት ልጅ የጤና ባለሙያ ሳያየው አይሮጥም። ቁርስ ከሩጫው ሁለት ሰዓት ያህል ቀድመው ይብሉ፤ በሶ ወይም ዳቦ በቂ ነው። ጨለማ ላይ ማንንም አታስወጡ፤ ለአካባቢው ሁኔታ የሚስማማውን ሰዓት ከወላጆች ጋር ተመካከሩና ቁረጡ።

በአንድ ጊዜ ከአሥር ልጅ በላይ አታስነሡ። አንድ ሰው ስልኩ ላይ ያለውን የሰዓት መቁጠሪያ ይዞ መድረሻው ላይ ይቆምና እያንዳንዱ ሲደርስ ደቂቃና ሰከንዱን ጮክ ብሎ ይጥራ። ሁለተኛው ሰው ሰዓቱን ብቻ በቅደም ተከተል ይጻፍ። ሦስተኛው የደረሱትን ልጆች ስም በዚያው ቅደም ተከተል ይጻፍ። ሁለቱ ዝርዝሮች ጎን ለጎን ሲቀመጡ ሁሉም ሰዓቱን ያገኛል። ስምም ሰዓትም አንድ ሰው ይያዝ ከተባለ ሦስት ልጅ ተከታትሎ ሲገባ ይምታታል።

በመጀመሪያው ቀን ሁሉም የመጀመሪያውን ዙር እንደ መቶ ሜትር ይሮጡትና ሦስተኛው ላይ ይራመዳሉ። ተዉአቸው። ያ ሰዓት ጥሩ መነሻ ነው፤ ብዙው መሻሻል የሚመጣው ጉልበትን ለሦስት ዙር ማከፋፈል ከመማር ነው።

ደረጃ 3፦ ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ገጽ፣ ለግድግዳው ግን ምንም

ለእያንዳንዱ ልጅ የደብተር አንድ ገጽ ስጡ። ቀን፣ ሰዓት፣ የአየሩ ሁኔታ፣ የበላው ነገር፣ የተጫማው ጫማ ይጻፍበት። በኮንጎ ጫማ የተሮጠና በስፖርት ጫማ የተሮጠ ሰዓት አንድ አይደለም። በገጹ አናት ላይ የራሱ ምርጥ ሰዓት በቀይ ይጻፍ፤ ያ ቁጥር ሲሻሻል ብቻ ይሰረዛል።

ከአንደኛ እስከ መጨረሻ የተደረደረ ዝርዝር ግድግዳ ላይ አትለጥፉ። አንድ ሰሞን የመጨረሻ የሆነ ልጅ ስሙን እዚያ ካየ በሚቀጥለው ቅዳሜ አይመጣም፤ እናንተም ወንፊት ሠርታችሁ ሩጫ አስተማርን ትላላችሁ።

ለልጆቹ የአበበ ቢቂላን ሁለት ሰዓቶች ንገሯቸው። ሮም ላይ በ1960 እንደ ፈረንጆች ማራቶኑን በባዶ እግሩ 2:15:16 ሮጦ አሸነፈ። ቶኪዮ ላይ በ1964 የትርፍ አንጀት ቀዶ ጥገና ካደረገ ገና ሳምንታት ቢሆኑትም 2:12:11 ገባ። ሁለተኛ የወጣው እንግሊዛዊ ባሲል ሂትሊ ከአራት ደቂቃ በላይ ዘግይቶ ነው የደረሰው። ወርቁን ለመውሰድ ብቻ ቢሆን አበበ በዚያ ቀን ከሮም ሰዓቱ ግማሽ ደቂቃ ዘግይቶ ቢሮጥም ያሸንፍ ነበር። እሱ ግን የራሱን ሰዓት በሦስት ደቂቃ ከአምስት ሰከንድ አሻሻለ፤ በመጨረሻዎቹ ኪሎ ሜትሮች አጠገቡ የሚያሳድደው ሰው ሳይኖር።

ደረጃ 4፦ ለእያንዳንዱ ተፎካካሪ ፈልጉለት

አሁን ወደ ከባዱ ቦታ ደረስን። ከራስ ጋር ብቻ ተወዳደሩ የሚሉ ሰዎች አሉ፤ ምክራቸው ደግ ነው፣ ሜዳ ላይ ግን ብዙ አይሠራም። ብቻውን የሚሮጥ ልጅ ሁለተኛው ዙር ላይ ሲደክመው የሚያስቀጥለው ነገር የለም። ሰው ከአቅሙ ጫፍ የሚደርሰው ብዙውን ጊዜ ሌላ ሰው ጎኑ ሲኖር ነው። ጥያቄው ያ ሌላ ሰው ማን ይሁን ነው።

ኃይሌ ገብረ ሥላሴንና ኬንያዊውን ፖል ቴርጋትን እንመልከት። አትላንታ ላይ በ1996 በ10,000 ሜትር ኃይሌ ቴርጋትን የቀደመው ከአንድ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ነው። በ1997 ኃይሌ ኦስሎ ላይ የርቀቱን የዓለም ክብረ ወሰን 26:31.32 አደረሰው። በዚያው ዓመት ቴርጋት ብራስልስ ላይ 26:27.85 ገባ። በሚቀጥለው ዓመት ኃይሌ ሄንግሎ ላይ 26:22.75 ሮጦ መለሰው። ሲድኒ ላይ በ2000 ዳግም ተገናኙና ከ25 ዙር በኋላ በመካከላቸው የነበረው ልዩነት 9 መቶኛ ሰከንድ ሆነ፤ በዚያው ኦሎምፒክ በወንዶች መቶ ሜትር አንደኛውንና ሁለተኛውን የለየው ጊዜ እንኳ ከዚያ ይሰፋ ነበር። ወደ ማራቶን ሲዞሩም አልተላቀቁም። ቴርጋት በ2003 በርሊን ላይ 2:04:55፣ ኃይሌ በ2007 እዚያው በርሊን ላይ 2:04:26፣ በ2008 ደግሞ 2:03:59። ይህን ሁሉ ዓመት ወዳጆች ነበሩ። ቴርጋት ባይኖር ኃይሌ 26:31 ላይ ረክቶ ይቀመጥ ነበር ብዬ አምናለሁ፤ ኃይሌ ባይኖር ደግሞ ቴርጋት ብዙ ወርቅ ያገኝና ያነሰ ሯጭ ይሆን ነበር።

ይህን ወደ ደምበጫ ሜዳ ስታመጡት የሚከተለውን አድርጉ። ልጆቹን በሰዓታቸው ቅደም ተከተል በወረቀት ላይ ደርድሩ (ወረቀቱ ከእናንተ ኪስ አይውጣ)። ልዩነታቸው ከ10 ሰከንድ የማይበልጠውን ሁለት ሁለት አጣምሩ። ሠላሳ ሰከንድ የሚቀድመው ሰው ለልጅ ተፎካካሪ አይሆነውም፤ ጀርባውን አይቶ ተስፋ ይቆርጣል። በጣም የሚያንሰውም አይሆነውም፤ ያዘናጋዋል። ስታጣምሩ ወንድና ሴት፣ ሰባተኛና ዘጠነኛ ክፍል ብላችሁ አትከፋፍሉ፤ ሰዓቱ ይምራችሁ። የወላጅ ቅሬታ ካለ ግን ሴት ከሴት ማጣመር ምንም አያበላሽም።

ጥንዶቹ በልምምድ ላይ አሯሯጭ ይሁኑ፦ አንዱን ዙር አንደኛው ይምራ፣ ቀጣዩን ሌላው። የዓለም ክብረ ወሰን ሲሞከር አሯሯጭ በገንዘብ ይቀጠራል፤ እዚህ ልጆቹ እርስ በርሳቸው በነፃ ይሠሩታል። አንዱ የሌላውን ገጽ ያውቃል፣ ሰዓቱንም እሱ ይጽፍለታል። የባልንጀራውን መሻሻል በራሱ እጅ የጻፈ ልጅ በዚያ መሻሻል መናደድ ያስቸግረዋል።

ፉክክሩ ሲበላሽ ምልክት አለው። ጫማ መደበቅ፣ መጎተት፣ ሲወድቅ መሳቅ፣ እግሩን እየታመመ ደብቆ መሮጥ፣ ጠቡን ወደ ሰፈር ይዞ መሄድ። ከእነዚህ አንዱን ካያችሁ ምክር አታብዙ፤ ጥምረቱን ቀይሩና ሁለቱንም ከሌላ ሰው ጋር አሰልፉ።

ደረጃ 5፦ ሳምንቱን በልክ ሙሉት

በሳምንት ሦስት ቀን ይበቃል። ማክሰኞ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ዘገምተኛ ሩጫ፤ እየሮጡ ማውራት ካቃታቸው ፈጥነዋል። ሐሙስ አምስት ፈጣን ዙር፣ በየዙሩ መካከል ሁለት ወይም ሦስት ደቂቃ እየተራመዱ። ቅዳሜ በ1ኛው፣ በ4ኛውና በ7ኛው ሳምንት ሰዓት ይያዛል፤ በሌሎቹ ቅዳሜዎች ጨዋታ፣ ቅብብል፣ የገና ጨዋታም ቢሆን ይሁን። የገጠሩ ልጅ ትምህርት ቤት ለመድረስ አንድ ሰዓት በእግሩ ይሄድ እንደሆነ ጠይቁ፤ እሱም ልምምድ ነው፣ ሲደመር ያደክማል።

ልምምዱን ከትምህርት በኋላ ካደረጋችሁት ሴቶቹ ይቀራሉ፤ ውኃና እንጀራ ይጠብቃቸዋል። የስፖርት ክፍለ ጊዜውን ተጠቀሙበት።

ሰዓቱ የማይቀንስበት ጊዜ ይመጣል። አንዳንዱ ልጅ በ4ኛው ሳምንት 20 ሰከንድ ይቀንስና በ7ኛው ጭራሽ ይጨምራል፤ ጉንፋን፣ ጾም፣ የፈተና ሰሞን፣ በድንገት መመዘዝ ሁሉም ያስከትሉታል። በገጹ ላይ ምክንያቱን ጻፉና እለፉ። አበበም በ1968 ሜክሲኮ ላይ እግሩን ታሞ አቋርጦ ወጥቷል፤ ያን ማራቶን ያሸነፈው የአገሩ ልጅ ማሞ ወልዴ ነው።

ደረጃ 6፦ የመጨረሻው ቅዳሜ፦ የዘገየው ቀድሞ ይነሣል

በ10ኛው ሳምንት የሚደረገው ውድድር ከተለመደው ይለያል። እያንዳንዱ ልጅ ከ1ኛው፣ ከ4ኛውና ከ7ኛው ሳምንት ካገኘው የተሻለውን ሰዓት ውሰዱ። ምሳሌ፦ የአንዷ 5:10፣ የአንዱ 4:40፣ የሌላው 4:15 ነው። 5:10 ያላት ልጅ ሰዓቱ ዜሮ ሲል ትነሣለች። 4:40 ያለው ከ30 ሰከንድ በኋላ፣ 4:15 ያለው ከ55 ሰከንድ በኋላ ይነሣል። ሦስቱም የራሳቸውን ምርጥ ሰዓት ብቻ ከደገሙ መድረሻው ላይ በአንድ ጊዜ፣ ሰዓቱ 5:10 ሲል ይገናኛሉ። ስለዚህ ቀድሞ የሚገባው ራሱን አብልጦ ያሻሻለው ነው። አንድ ሰዓት ለሁሉም ይበቃል፤ በ5:02 የገባ ማንም ይሁን ማን ስምንት ሰከንድ ቀንሷል ማለት ነው።

ይህን ከጎን ሆኖ ማየት በጣም ደስ ይላል። ከፊት ያለችው እየተሳደደች ነው፤ ከኋላ ያለው የሚያሳድደው አለው፤ ሦስተኛው ዙር ላይ ሁሉም ይጠጋጋሉ። በትምህርት ቤቱ ፈጣን የሆነው ልጅ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ከኋላ ተነሥቶ ሰው ማለፍ ግድ ይለዋል። ዘገምተኛዋ ደግሞ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊት ለፊቷ የሚሮጥ ሰው የላትም።

ማጭበርበር አይጠፋም። ብልጡ ልጅ ቀደም ባሉት ቅዳሜዎች ሆን ብሎ ያዘግማል፤ በመጨረሻው ቀን ብዙ ያሻሻለ ለመምሰል። ከሦስቱ የተሻለውን ሰዓት መውሰዳችሁ ግማሹን ይከላከላል። ለቀሪው ይህን ሕግ ቀድማችሁ ንገሩ፦ በአንድ ጊዜ ከ20 ሰከንድ በላይ የቀነሰ ልጅ ሽልማቱ ለሚቀጥለው ቅዳሜ ይቆይለታል፤ ዳግመኛ ሮጦ እዚያው አካባቢ ከገባ ይወስዳል። በእውነት የተሻሻለው ልጅ በዚህ አይጎዳም።

ደረጃ 7፦ ሽልማትና የወላጅ ጥያቄ

ሽልማቱ ትንሽ ይሁን፤ ደብተርና እስክሪብቶ። አብልጠው ላሻሻሉ ሦስት ልጆችና ሁለቱም ላሻሻሉ ጥንዶች ስጡ። ፈጣኑን ልጅ መሸለም ነውር አይደለም፤ እሱም ለፍቷል፤ የዞኑን ውድድር የሚሮጠው እሱ ነው።

በ1992 ባርሴሎና ላይ በሴቶች 10,000 ሜትር ደቡብ አፍሪካዊቷ ኤላና ሜየር በሩጫው ሁለተኛ ግማሽ ስትመራ ደራርቱ ቱሉ ከጀርባዋ አልተለየችም፤ በመጨረሻው ዙር አልፋት ወርቁን ወሰደች። ከዚያ ሁለቱ፣ ጥቁሯ ኢትዮጵያዊትና ነጯ ደቡብ አፍሪካዊት፣ እጅ ለእጅ ተያይዘው ስታዲየሙን ዞሩ። አገሪቱ በአፓርታይድ ምክንያት ከታገደች በኋላ ወደ ኦሎምፒክ የተመለሰችበት ዓመት ነበር። ልጆቹ ገብተው ሲጨርሱ ጥንዶቹ አንድ ዙር አብረው ይራመዱ፤ ለእግራቸውም ይጠቅማል።

ልጁ ቤት ሲገባ ወላጆች የሚጠይቁት «ስንተኛ ወጣህ?» ነው። «ካለፈው ስንት ሰከንድ ቀነስህ?» ብለው እንዲጠይቁ በወላጆች ስብሰባ ላይ ንገሯቸው። አስቸጋሪ አይደለም፤ ገጹን አሳዩአቸው።

ደረጃ 8፦ ደብተሩን ወደ ክፍል አስገቡት

የተማሪ ካርድ ላይ ያለው ደረጃ የስፖርት ቀኑን ችግር ይዟል። በ2015 ዓ.ም. ጥቅምት በየዩኒቨርሲቲው የተሰጠውን የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት መካከል 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ፤ በቀጣዩ ዙር ፈተና 3.2 ከመቶ። አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች ከአንድ ሺህ በላይ ነበሩ። በእነዚያ ትምህርት ቤቶች ሁሉ አንደኛ የሚወጣ ተማሪ ነበረ፤ ቤተሰቡም ዶሮ አርዶለት ይሆናል። ካርዱ ከክፍል ጓደኞቹ እንደሚበልጥ ነገረው፤ ምን ያህል እንደሚያውቅ ግን አልነገረውም።

የጎጃም የቅኔ ቤት ይህን ጉዳይ ከዘመናዊው ትምህርት ቤት በፊት ጨርሶታል። በዲማም በዋሸራም ተማሪ የሚያልፈው በዕድሜ ወይም በዓመት አይደለም። ሁለት ቤት (ስንኝ) ካለው የቅኔ ዓይነት፣ ከጉባኤ ቃና ይጀምራል፤ እሱን ሲችል ወደሚቀጥለው ይሻገራል፤ ስምንት ቤት ያለው መወድስ ላይ የሚደርሰው ሲደርስ ነው። ፉክክሩ ግን የጋለ ነው፤ ተማሪ ቅኔውን የሚያሰማው ጓደኞቹ ባሉበት ነው።

ክፍል ውስጥ እንዲህ ይሠራል። በወር አንዴ ያለፉ ዓመታት የብሔራዊ ፈተና ጥያቄዎች 40 ያህሉን ሰዓት ይዛችሁ አሠሩ። ውጤቱ በልጁ ገጽ ላይ ከ40 ስንት ተብሎ ይጻፍ፤ የክፍል ደረጃ አይጻፍ። ጥንዶቹን በውጤታቸው አጣምሩ፤ የተሳሳቱትን ጥያቄ ተለዋውጠው ያስረዱ። በሚቀጥለው ወር ቁጥሩ ካልጨመረ የትኛው ምዕራፍ እንደከዳቸው ገጹ ላይ ይታያል።

ለሁሉም የሚያስፈልገው አንድ ሜትር፣ አንድ ስልክ፣ አንድ ደብተርና በሳምንት ጥቂት ሰዓት የሚሰጥ ሰው ነው። መምህራን፣ ጥምቀት ሳይደርስ ሜዳውን ለኩ። እናቶችና አባቶች፣ ልጆቻችሁን፣ በተለይ ሴቶቹን፣ ቅዳሜ ጠዋት ከሥራ ልቀቋቸው።